የባሊላዋ ቀበቶ

ሞያሌ፣ ኬንያ
ነሐሴ 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለአረጋሽ የወንድሟ የልጅ ልጅ፣ ለቤዚ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እዚያ ተራራ ላይ ያለውን ብርድ እመብርሃን ታቅልልሽ። እኔ እንዳለሁ አለሁ። በእግሬ እሄዳለሁ፣ ምግብ አላማርጥም፣ የሰው እጅ አላይም።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ፖስታ ቤት ያለው ፍራንሲስ «ሙዜ፣ ከአውሮፓ ባሩዋ መጣልህ» ብሎ ገበያ መሀል ጮኸ። ሙዜ ሽማግሌው፣ ባሩዋ ደብዳቤ ማለቱ ነው። አረጋሽ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት፤ ከዚያ ወዲህ በስሜ ወረቀት ሲመጣ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ራሴ ነኝ ያነበብኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፣ ጽሕፈትሽ ቀጭን ስለሆነ ነው።

ጣሊያን አገር፣ ተራራ ጫፍ ላይ ባለ ሆቴል ዕቃ እንደምታጥቢ ጽፈሻል። በየዓመቱ ሐምሌ ሲሆን ሀብታሞች ከጦርነቱ በፊት የተሠሩ የእሽቅድምድም መኪናዎች እየነዱ ተራራውን ያቋርጣሉ፣ አንቺ ጋ ቆመው ቡና ይጠጣሉ ብለሻል። «ጋሽ ዳኜ መካኒክ ስለነበሩ ደስ ይላቸዋል ብዬ» ብለሽ ፎቶግራፍ አብረሽ ልከሻል። ነበሩ አይባልም። ነኝ። ጋራዤ ዛሬም ክፍት ነው።

ፎቶው ላይ ቀይ መኪና ተደግፈሽ ቆመሻል። ቀይዋን ተያት። ከኋላዋ ግማሽ ፊቷ የሚታየው፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዘው፣ ጣሪያ የሌላት፣ ጭራዋ እንደ ዓሣ የሾለው፣ እሷ ባሊላ የምትባለው የጣሊያን መኪና ነች። እንደዚያ ያለች መኪና እኔም ነበረችኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ገንዘብ አይደለም። ገንዘብ ብትልኪ እመልሰዋለሁ። ባሊላ ስታዪ ኮፋኖዋን እዪልኝ፣ የሞተሩን ክዳን። በላዩ የቆዳ ቀበቶ ታስሮ እንደሆነ ጻፊልኝ። የግመል ቆዳ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

ስልክ አትደውዪ። በስልክ የተባለውን ነፋስ ይወስደዋል።

የአረጋሽ ባል
ዳኜ


መስከረም 20 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሽ ዳኜ፤

አዲሱ ዓመት ከደጅዎ እስከ ጓዳዎ በሰላም ይግባልዎ። ይመልሱልኛል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። ደብዳቤዎን አንሶላ የማጥፍበት ክፍል ውስጥ ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እዚህ በአማርኛ የሚጽፍልኝ ሰው የለም።

ባሊላዋን በፎቶው ላይ በማጉያ መነጽር አየኋት። የተዘጋችው በብረት መቆለፊያ ነው፣ ቀበቶ የላትም። መኪናዎቹ አሁን ሄደዋል። እስከ መጪው ሐምሌ አይመለሱም። ሲመለሱ አንድም ሳይቀር አያለሁ፣ ቃሌ ነው።

ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር አንዴ እናንተ ጋ መጥቼ ነበር። እትዬ አረጋሽ የጭነት መኪና ሸራ መሬት ላይ ዘርግተው ሲሰፉ፣ እኔ በሸራው ላይ ስንከባለል ትዝ ይለኛል። እርስዎ ከመኪና ሥር ነበሩ፣ ያየሁት እግርዎን ብቻ ነው።

እናቴ ዓይንዎ እየደከመ ነው አለችኝ። ሞራ ከሆነ ሐኪም በአንድ ቀን ያነሳዋል። ይሂዱ፣ እባክዎ። አትጠይቂኝ ቢሉኝም ልጠይቅዎ፤ ቀበቶው ምንድን ነው?

አክባሪዎ ቤዚ


ሞያሌ
ኅዳር 27 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለቤዚ፤

ያሳደገሽ አምላክ እርጅናሽንም ያሳይሽ። ዘገየሁ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሥራ አልበዛብኝም። አረጋሽ በሰማች ኖሮ ትስቅብኝ ነበር። አዲሱ አስፋልት ከናይሮቢ ተነስቶ እኛ ደጅ ሊደርስ ጥቂት ቀረው። ዱሮ ከማርሳቢት የሚመጣ ከባድ መኪና ባሌስትራው ተሰብሮ እኔ ጋ ይቆም ነበር። ሾፌሩ ሦስት ቀን አራት ቀን ይሰነብታል፣ ሻይ አለ፣ ወሬ አለ። አሁን ሽው ብሎ ያልፋል። መንገድ ሲበጅ ሰው መቆም ይተዋል፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም። የቀረችኝ ጎረቤቴ ሀዎ ነች፣ ቦረና ነች፣ ሻይ ትሸጣለች። ጠዋት «አንተ ጃርሳ፣ አለህ?» ትለኛለች፣ ሽማግሌው ማለቷ ነው። አለሁ እላታለሁ። አንዳንድ ቀን ከዚያ ሌላ ቃል ካፌ አይወጣም።

ዓይኔ ደህና ነው። ናይሮቢም ማርሳቢትም አልሄድም። ምን ላይ ብዬ? ከአረጋሽ አጠገብ ቦታዬን በድንጋይ አስከልያለሁ። የቀረኝ መንገድ እሱ ነው፣ ቶሎ ቢያልቅ አልጠላም። ብቻ ፊደሉን ተለቅ አድርገሽ ጻፊ፣ ብዕርሽ ደካማ ነው።

ስለ መኪናዋ ልንገርሽ። ጎልቦ ሜዳ ላይ ነው ያገኘኋት። ጣሊያን በጦርነቱ ጥሏት ሄዶ ግልገል ሲያድርባት። ጃልደሳ የሚባል ሰው ግልገሎቹን አወጣና «ውሰዳት፣ ወተት እንደሆነ አትሰጥ» አለኝ። ሁለት ዓመት ሠራኋት። በ1958 አረጋሽን ከሀገረ ማርያም ያመጣኋት በሷ ነው። የሜጋ ዳገት ላይ እንቢ አለች። የዚያች መኪና የኋላ ማርሽ ከፊተኛው ይበረታል፤ ስለዚህ አዞርኳትና ጭራዋን ወደ ላይ አድርጌ፣ አንገቴን ጠምዝዤ፣ እያፈገፈግኩ ወጣሁት። ሚዜዎቼ ከታች በጭነት መኪና እየተከተሉ ሳቁብኝ። አረጋሽ አልሳቀችም። ዳገቱን በሙሉ ፊቷ ወደ አባቷ አገር ነበር። ጫፉ ላይ ስንደርስ «ተሰናብቼ ጨረስኩ፣ አሁን አዙራት» አለችኝ።

እንዲህ ያለች መኪና ነበረች።

ዳኜ


የካቲት 6 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጋሽ ዳኜ፤

ፊደሉን አተለቅሁት። እንዲህ ይበቃል?

ተራራው በበረዶ ተዘግቷል። ሆቴሉም ተዘግቶ ታች ከተማ ወርጃለሁ፣ አንዲት አሮጊት አስታምማለሁ። በሞተች እህታቸው ስም ይጠሩኛል። መጀመሪያ አርማቸው ነበር፣ አሁን አቤት እላለሁ።

የሜጋውን ዳገት ለእሳቸው በጣሊያንኛ ነገርኳቸው። ሲያዳምጡ ቆዩና «ታዲያ እሷ ከዚያ በኋላ አገሯን አየች?» አሉኝ። መልሱን አላውቀውም። እትዬ አረጋሽ አይተው ነበር?

ቀበቶው ምንድን ነው፣ ጋሼ? የምፈልገውን ካላወቅሁ ባገኘውም ሳላውቀው ያልፈኛል።

ቤዚ


ሞያሌ
ግንቦት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለቤዚ፤

የሰው አገር ሰው ይውደድሽ። ይሄን ደብዳቤ ሦስት ወር ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ።

አላየችም። ልውሰድሽ አላልኳትም፣ ውሰደኝ አላለችኝም።

አሁን የጠየቅሽውን። የዱሮው መንገድ ኮረኮንች ነበር፣ የኮፋኖዋ መቆለፊያ በመንገጫገጩ ተሰበረ። አረጋሽ የግመል ቆዳ ቆርጣ፣ በጅማት ሰፍታ ቀበቶ ሠራችላት። ዘመዶቿ ቆዳ መስፋቷን ሲሰሙ ነውር ነው ብለው መልእክት ላኩ። «ንገሯቸው፣ ጫማቸውን ያውልቁ» አለች። ከዚያ ቀበቶውን ገልብጣ በውስጡ በኩል በወስፌ እየበሳች ጻፈችበት። አባቷ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበሩ፣ ፊደል አስተምረዋታል። እኔ አላውቅም ነበር። ምንድን ነው ያልሽው አልኳት። «ፊደል ስትቆጥር ታነበዋለህ፣ እኔ አስተምርሃለሁ» አለች። ከሚስቴ ፊደል አልቆጥርም አልኳት። ሌላ ሰው እንዳላስነብብ፣ ስድብ ቢሆንስ? ሞያሌ ትንሽ አገር ነች። ከውጭ ሲያዩት ነጠብጣብ ነው፣ ጌጥ ይመስላል። ስምንት ዓመት ያን ቀበቶ በየቀኑ በእጄ አሰርኩ፣ ፈታሁ።

በ1966 ከማርሳቢት ስመለስ፣ ዲዳ ጋልጋሉ በረሃ ላይ፣ ጥቁሩ ድንጋይ መሀል ሞተሯ ፈላ። ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተሰነጠቀ። በግመል አስጎትቼ ገባሁ። አረጋሽ «ውሃ ነበራት?» ብላ ጠየቀችኝ፣ ሰው ፊት። ያን ለታ ቤት አልበላሁም። በዚያው ሳምንት አንድ ጣሊያን መንገድ ቀያሽ በከባድ መኪና መጣ፣ አያት፣ ወደዳት። ሸጥኩለት። አረጋሽን አልጠየቅኋትም። በዳገት የኋላ ማርሿን አምናት ብዬ አስተማርኩት፣ ጭኖ ወሰዳት።

ከገበያ ስትመለስ ባዶውን ቦታ አየች። «ቀበቶውስ?» አለችኝ። ከነቀበቶዋ አልኳት። «እንግዲህ ሂድና አንብበው» አለች።

ከአራት ዓመት በኋላ ተሸነፍኩ። ጋራዡ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ በሸራ ቁራጭ ላይ ፊደሉን በወስፌ እየወጋች፣ የግራሶ ጣቴን ይዛ በላዩ ታስኬደው ነበር። ማንበብ እንደቻልኩ ቀበቶው ላይ ምን ነበር አልኳት። «ሂድና አንብበው።» ሠላሳ ምናምን ዓመት በየጊዜው ጠየቅኋት፣ ያው ነው። ልጅ አልሰጠንም፤ የእኛ ጨዋታ ይሄ ሆነ። በመጨረሻዋ ቀን ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ጠየቅኋት። ፈገግ አለች እንጂ መናገር አልቻለችም።

ስድብ ይሁን ምርቃት አላውቅም። ከመሄዴ በፊት ማንበብ እፈልጋለሁ። ይሄው ነው። ለማንም እንዳትናገሪ።

ዳኜ


ሐምሌ 28 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለጋሽ ዳኜ፤

መኪናዎቹ መጡ። አርባ አንድ ነበሩ። ሳህኑን ትቼ ወጣሁ፣ አለቃዬ ተቆጣኝ። ባሊላ አራት አየሁ። አንዷ ቀበቶ ነበራት፣ ባለቤቱን ለምኜ ፈታሁት። አዲስ ቆዳ ነው፣ ከሱቅ የተገዛ። ከውስጥ ባዶ።

ልዋሽዎ አስቤ ነበር። አንድ ጥሩ ቃል ጽፌ እንዲህ ይላል ብዬ ልልክልዎ። ብዙ ቃል መረጥኩ። ማታለሌን ያውቁብኛል ብዬ ሳይሆን፣ አምነውኝ ቢቀሩስ ብዬ ፈራሁና ተውኩት።

ቤዚ


ሞያሌ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለቤዚ

ባለመዋሸትሽ ተባረኪ

መስመሩ ከተጣመመ ወረቀቱ ነው። የደብዳቤሽን አንዷን ገጽ በር ላይ ወጥቼ ፀሐይ ላይ ይዤ አራት ቀን። ባለ ሱቁ ኢዛና ላንብብልዎ ብሎ መጣ። አባረርኩት። የአረጋሽን ነገር በሱቅ ሰው አፍ አልሰማም

አተልቂው። አሁን እንደ እጅ መዳፍ

ዓይኔ ደህና አይደለም

ዳኜ


ሐምሌ 25 ቀን 2009 ዓ.ም.

ለጋሽ ዳኜ፤

ይሄን ደብዳቤ ኢዛና ያንብብልዎ። እባክዎ አያባሩት፣ በዚህ ውስጥ የሚያሳፍር ነገር የለም። በሌላ ፖስታ የታሸገውን ካርቶን ግን ለማንም አይስጡ። እሱ የእርስዎ ብቻ ነው።

ትናንት ከቀኑ አምስት ሰዓት ላይ፣ ዕቃ ሳጥብ ከበረንዳው የሰው ሳቅ ሰማሁ። እንግዶቹ ሁሉ ቡናቸውን ትተው አጥሩ ላይ ተደግፈው ስልካቸውን ደግነዋል። ወጣሁ። በመጨረሻው ጥምዝ፣ እጅግ ቀጥ ባለው ዳገት ላይ፣ አንዲት ትንሽ አረንጓዴ መኪና እያፈገፈገች ትወጣለች። ጭራዋ እንደ ዓሣ ነው። የምትነዳው ሻሽ ያሰረች አሮጊት ናት፣ አንገቷን ጠምዝዛ፣ ሳትቸኩል። ሰዉ እየሳቀ ያጨበጭብላታል።

እኔ አልሳቅሁም፣ ጋሼ። ከነሽርጤ ሮጥኩ።

ሴትዮዋ አጠገቧ ቆሜ ሳለቅስ ስታይ ደነገጠች። «አልተበላሸችም፣ አይዞሽ» አለችኝ። «አባቴ ነው እንዲህ ያስተማረኝ። እሱን ደግሞ ኬንያ ጠረፍ ላይ አንድ ኩሩ መካኒክ አስተማረው።»

ቀለሟ ተቀይሯል፣ መቀመጫዋ አዲስ ነው፣ ሞተሯም ሌላ ሆኗል። ቀበቶው ግን ያው ነው። አባቷ እስኪሞት በየዓመቱ ዘይት ይቀባው ነበር፣ ማንም እንዲነካው አይፈቅድም። «የሸጠልኝ ሰው በመጨረሻ እጁን ያነሳው ከዚህ ቀበቶ ላይ ነው» ይል ነበር አለችኝ። ነጠብጣቡን ጌጥ ነው ብለው ኖረዋል።

ፈታነው። ገለበጥነው። አለ። አንድም ፊደል አልጠፋም።

አንብቤዋለሁ፤ ምን እንደሚል ግን አልነግርዎትም። እትዬ አረጋሽ ሂድና አንብበው አሉ እንጂ አስነብበው አላሉም። የሆቴሉን የምግብ ዝርዝር ካርቶን በውስጡ በኩል ደረብኩበት። ሴትዮዋ ቀበቶውን ወጥራ ያዘችልኝ፣ እኔ በእያንዳንዱ የእትዬ አረጋሽ ቀዳዳ ትልቅ መርፌ እያሳለፍኩ ካርቶኑን በሳሁት። ሌሎቹ ቡና ጠጥተው እስኪነሱ ጨረስን። ዓይን አያስፈልግዎትም። ጣትዎን ያስኪዱበት።

ምን እንደተሰማዎት ይጻፉልኝ። ካልፈለጉ ምንም ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ቤዚ


ማርሳቢት
ጥቅምት 9 ቀን 2010 ዓ.ም.

ለልጄ ለቤዚ፤

የሰው ዓይን ከምትፈልጊበት ዘመን ይሰውርሽ። ይሄን የሚጽፈው ኢዛና ነው። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል። ሲጨምርና ሲቀንስ እንዳላገኘው እያንዳንዱን መስመር መልሶ ያነብልኛል። እንዲህ ያለ ነዝናዛ አላየሁም ይላል። ይሄንንም ጻፈው አልኩት።

ደብዳቤሽን እሱ ነው ያነበበልኝ። አሮጊቷ እያፈገፈገች መውጣቷ ላይ ሲደርስ ቆይ አልኩትና ወጥቼ ጋራዡ ውስጥ ትንሽ ቆምኩ። ስመለስ ቀጥል አልኩት።

ካርቶኑን ብቻዬን ከፈትኩት። መጀመሪያ በዘቅዛቃው ይዤው ነበርና ምንም አልሆነልኝም። ጣቴ እንደ ጎማ ሆኗል፣ ስልሳ ዓመት ብረት የነካ ጣት ነው። በሦስተኛው ቀን ስሜን አገኘሁት። ከዚያ ሌላው መጣ። ሀዎ ሻይ ይዛ ገብታ ስዳስስ አየችኝና «አንተ ጃርሳ፣ ወረቀቱን እንደ ፍየል ወገብ ነው እንዴ የምትዳስሰው? ሰብቷል?» አለችኝ። ሰብቷል አልኳት።

ከዚያ በኋላ ለኢዛና ማርሳቢት ውሰደኝ አልኩት። እንዴት ሐሳብዎን ለወጡ አለኝ። አንተ ጻፍ እንጂ አትጠይቅ።

አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት ሾፌሩን ውሃ ጨምረሃል ወይ አልኩት። ሳቀ። «ሙዜ፣ መኪናው አዲስ ነው፣ መንገዱም አስፋልት ነው» አለኝ። ይሁን፣ ጨምር አልኩት። ኢዛና አፍሮ እጄን ጎተተኝ። አልገባሁም። በሩ ላይ ቆምኩ፣ ከኋላዬ ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ። ሾፌሩ ራሱን እየነቀነቀ ወረደና ከፍቶ አየ። ጨመረ። ስንት ጎደለ አልኩት። ሲያፈስ ሰምቻለሁ፣ ትንሽ አልነበረም።

ዲዳ ጋልጋሉን ስናልፍ መስኮቱን አስከፈትኩ። ድንጋዩ እንደ ዱሮው ይሞቃል።

አሁን ሐኪም ቤት ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀምጠናል። ሰው ብዙ ነው። ኢዛናን ሻይ አምጣልኝ ብዬ ልሰደው ነው። ከዚህ በታች ያለው የራሴ እጅ ነው፣ ኢዛና አያየውም። አንቺ ምን እንደሚል ታውቂዋለሽ። በትክክል ማንበቤን እዪልኝ ብዬ ነው።

ዳኜ ውሃ ጨምር
ቀስ በል
እኔ አልቸኩልም

ከውስጥ የጻፈችው ሰው እንዳያይብኝ ነው ቤዚ። ሰው ፊት ሲነግሩኝ እንደማልወድ ታውቃለች

የመቃብሩ ቦታ ይቆይ። እሷ ካልቸኮለች

ተራዬ ገና ነው። እየጠበቅሁ ነው